ክላስተር ራስ ምታት ላለበት አጫሽ የኒኮቲን ፓችና ማስቲካ ይሆናል ወይ? የ10 ሳምንት ልምዴ

ሲጋራ ካቆምኩ 11 ወር ሆነኝ። ያቆምኩት ቆዳ ላይ በሚለጠፈው በኒኮቲን ፓችና በኒኮቲን ማስቲካ ነው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ተጠቅሜ። ስለነዚህ ነገሮች የተጻፈ ሞልቷል፣ ግን ክላስተር ራስ ምታት ያለበት ሰው ሲጠቀማቸው ምን እንደሚመስል የጻፈ ፈልጌ አጣሁ፣ ያኔ ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በቀለለኝ። ስለዚ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ፓቹን ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ ማስቲካውን 3 ተኩል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለኔ 5 ናቸው። ክላስተሬን አላዳኑኝም፣ ያድኑናል ብላችሁም አትግዟቸው። ያደረጉልኝ ነገር ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ክላስተርን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ "ማይግሬን ማለትህ ነው?" ይሉኛል ሁሌ፣ አይደለም። ማይግሬን የያዘው ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ዝም ብሎ መተኛት ነው የሚፈልገው፣ ክላስተር የተነሳበት ሰው ግን መተኛት ቀርቶ መቀመጥ አይችልም፣ ይንጎራደዳል ይወዛወዛል ጭንቅላቱን ይይዛል፣ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን የአልጋው ጠርዝ ላይ እየገፋሁ ነው የማሳልፈው። ህመሙ በአንድ ጎን ነው፣ የኔ በግራ፣ ከዓይኔ ኋላ፣ የጋለ ብረት ዓይኔን ከውስጥ ወደ ውጪ የሚገፋው ነው የሚመስለኝ። ዓይኑ ይቀላል ያነባል፣ ቆቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ በዚያው በኩል ያለው አፍንጫ ይዘጋል ወይ ይፈሳል። ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፣ በቀን እስከ 8 ጊዜም ሊነሳ ይችላል። ከ1000 ሰው አንዱ ገደማ ላይ ነው ያለው ስለዚህ ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም። ደሞ ሰዓት ይጠብቃል፣ የኔ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ከተኛሁ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ይሄ ሰዓት ጠባቂነቱ አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሰዓት ከሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ከሚባለው ክፍል ጋር የተያያዘ ነው፣ በ1998 እ.ኤ.አ በተሰራ የአንጎል ምስል ጥናት ላይ ህመሙ ሲነሳ ይሄ ክፍል ሲነቃቃ ታይቷል። ክላስተር የተባለውም ተሰብስቦ ስለሚመጣ ነው፣ ለሳምንታት በየቀኑ እየተነሳ ይቆይና ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይጠፋል። የሚነሳበትን ጊዜ እኔ "ሰሞን" ነው የምለው፣ ከዚህ በታችም እንደዛው እጽፈዋለሁ። የኔ ሰሞን በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል፣ 9 ዓመቴ ነው።

ሲጋራ ደግሞ 14 ዓመት አጭሻለሁ፣ በቀን አንድ ፓኮ።

ይሄ በሽታ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ያጨሳሉ ወይ አጭሰው ያውቃሉ፣ እውነት ነው፣ ከሌላው ሰው ጋር ሲወዳደር ቁጥሩ በጣም ይበልጣል። ግን አንድም ቀን አጭሰው የማያውቁ፣ ልጆች ሳይቀሩ፣ ክላስተር ያለባቸው አሉ፣ ሲጋራ ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸው አሁንም የሚነሳባቸውም ብዙ ናቸው። ይሄን የምለው ለምን መሰላችሁ፣ "አንተ እኮ ሲጋራውን ብትተው ይተውህ ነበር" የሚለውን ንግግር ስንት ሰው ነግሮኛል፣ ዘመድ ጓደኛ የስራ ባልደረባ፣ አንድ ጠቅላላ ሐኪምም ጭምር። በክፋት አይደለም የሚሉት ግን ወለል ላይ ተንበርክኮ ላደረ ሰው "ጥፋቱ ያንተ ነው" ማለት ነው የሚሆነው፣ ያማል።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ያንን ንግግር አምኜ ነው። ሰሞኑ መሃል ላይ እያለሁ፣ ሁለተኛው ሳምንት መሰለኝ፣ ፓኮዬን ጨምድጄ ጣልኩና በቃ አልኩ፣ ያለ ምንም እርዳታ በወኔ ብቻ። ሀራራው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው የሚብሰው፣ እኔ ደግሞ እነዚያን ሁለት ቀናት በሌሊት ሁለት ሁለቴ እየተነሳብኝ ነው ያሳለፍኳቸው። እንቅልፍ የለም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቴ ላይ እጮሃለሁ፣ ይሄ ስቃይ የሀራራው ይሁን የክላስተሩ መለየት አቃተኝ። በሦስተኛው ሌሊት አንዱ ከለቀቀኝ በኋላ ወጥቼ ለኮስኩ።

ያቺን ከህመሙ በኋላ ያለችዋን ሲጋራ ክላስተር ያለበት አጫሽ ያውቃታል። ህመሙ ቀስ እያለ አይደለም የሚሄደው፣ ልክ መብራት እንደማጥፋት በደቂቃዎች ውስጥ እልም ይላል፣ ሰውነትህ በላብ ርሶ ዝሎ ይቀራል፣ ዝምታው ራሱ ይጣፍጣል፣ እና እዛች ዝምታ ላይ ነው ሲጋራዋ የምትለኮሰው። 9 ዓመት ሙሉ እፎይታን ከሷ ጋር አስሬአት ነው የኖርኩት። ህመሙን ያስታገሰችው ግን እሷ አልነበረችም፣ ህመሙ አስቀድሞ ሄዷል፣ አንጎሌ ግን አንድ ላይ ነው የመዘገባቸው። ማንም ይሄን አልነገረኝም ነበር፣ ቀን ላይ ያሉትን 19 ሲጋራዎች መተው ከዚህች ከአንዷ በጣም ነው የሚቀለው።

ለማቆም በእውነት የወሰንኩት በሌላ ሌሊት ነው። ነርቭ ሐኪሜ ቤት ውስጥ የምጠቀመው ኦክስጅን አዞልኝ ነበር፣ ሲያዝልኝ "ታጨሳለህ?" አለኝ፣ ላቆም ነው አልኩት፣ እንግዲህ ዋሸሁት። ክላስተር ላለብን ሰዎች ኦክስጅን ትልቅ ነገር ነው፣ ንጹህ 100% ኦክስጅን፣ በደቂቃ 12 ሊትር ወይ ከዛ በላይ፣ ከረጢት ባለው ማስክ ለ15 ደቂቃ። በ2009 እ.ኤ.አ በወጣ ጥናት ኦክስጅን ሲወሰድ 78% ያህሉ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ እፎይታ ተገኝቷል፣ ተራ አየር ሲሰጥ ግን 20% ላይ ብቻ። እኔም ላይ ይሰራል፣ ቶሎ ከጀመርኩት በ10 ደቂቃ ይለቀኛል። እና አንድ ሌሊት ማስኩን ፊቴ ላይ አድርጌ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እየተወዛወዝኩ ባለቤቴ ውሃ ይዛ ገባች፣ ፒጃማዬ ኪስ ውስጥ ላይተሩ ቅርጹ ጎልቶ ይታያል። ምንም አላለችም፣ ውሃውን አስቀመጠች፣ እጇን ኪሴ ውስጥ ከታ ላይተሩን አወጣችና ይዛው ወጣች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ግን ሌላው ሁሉ ነገር በፍጥነትና በኃይል እንዲነድ ያደርጋል። ልብስና ጸጉር ውስጥም ገብቶ ሲሊንደሩ ከተዘጋ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፣ ለዛ ነው ኦክስጅን ወስዶ ወዲያው መለኮስ ፊትን የሚያቃጥለው፣ ፊት ላይ ቫዝሊንና ቅባት ነገር መቀባትም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው። እኔ ስንት ሌሊት ማስኩን አውልቄ በዛው ፒጃማ ወጥቼ ለኩሻለሁ። ልጆች የተኙበት ቤት ነው። ይሄን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ሁለተኛው ምክንያት መርፌው ነው። ሱማትሪፕታን 6 ሚሊግራም ከቆዳ ስር የሚወጋው፣ ክላስተርን ቶሎ ከሚያቆሙ መድኃኒቶች ዋናው ነው፣ ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ህይወቴ ማለት ነው። ግን የደም ስር ያጠብባል፣ ስለዚህ የልብ ደም ስር በሽታ ያለበት ወይ ስትሮክ የመታው ሰው አይወስደውም። ሲጋራ ደግሞ ወደ እነዚህ በሽታዎች ነው የሚወስደው። ሐኪሜ አንዴ "አንተ እያጨስክ ያለኸው መድኃኒትህን ነው" ብሎኛል፣ ያኔ ንግግር መስሎኝ ነበር። በ50 ዓመቴ ልቤ ቢታመም፣ ክላስተሩ ይቀጥላል መርፌው ግን ይከለከላል። ስለዚህ ያቆምኩት ክላስተሩ ይጠፋልኛል ብዬ አይደለም፣ ኦክስጅኔና መርፌዬ እንዳይወሰዱብኝ ነው። "ትድናለህ" እየተባልኩ ከማቆም ይሄኛው ምክንያት በጣም ጠንክሮ ያዘኝ፣ ምክንያቱም ውሸት የለበትም።

እሺ ወደ እቃው። ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት ሰሞኑ ካለፈ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው፣ ሆን ብዬ። ሰሞን መሃል ላይ ያቆሙ ይኖራሉ፣ እኔ ግን ሁለት ስቃይ አንድ ላይ መሸከም እንደማልችል አይቼዋለሁ። ፋርማሲ ሄጄ ያለብኝን ሁሉ ተናገርኩ፣ ክላስተሩ እንዳይነሳ የምወስደውን ቬራፓሚል የሚባል መድኃኒትም ጭምር፣ ፋርማሲስቷ ሁለት ነገር ነው የጠየቀችኝ፣ "በቀን ስንት ታጨሳለህ?" እና "ጠዋት ከተነሳህ በስንት ደቂቃህ ነው የመጀመሪያዋን የምታጨሰው?" ጥያቄዎቹ ለምን እንደሆኑ በኋላ ነው የገባኝ። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ከ21 ሚሊግራሙ ፓች ነው የሚጀምረው፣ ከተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ደግሞ 4 ሚሊግራሙን ማስቲካ ነው የሚወስደው፣ ዘግየት ብሎ የሚያጨሰው 2 ሚሊግራሙ ይበቃዋል። "ወንድሜ ፓቹ ቀኑን ይዞ ይውላል፣ ማስቲካው ድንገት ለሚመጣው ነው" አለችኝ፣ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የበለጠ እንደሚሰራም በጥናት የታወቀ ነው።

ፓቹ የፕላስተር አይነት ነገር ነው፣ የቆዳ ቀለም ያለው፣ መዳፍ መሃል የሚገባ። ጠዋት ንጹህና ደረቅ የሆነ ጸጉር የሌለበት ቆዳ ላይ፣ ክንድ ወይ ደረት ወይ ዳሌ ላይ ለጥፎ በመዳፍ ለ10 ሴኮንድ ጫን ማለት ነው። በማግስቱ ሌላ ቦታ፣ አንድ ቦታ ላይ ለሳምንት ያህል አለመመለስ። የመጀመሪያውን ሰዓት ያሳክካል፣ ስትልጠው ቀይ አራት ማዕዘን ትቶ ይሄዳል፣ የኔ በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር፣ ደረቴ ላይ ያደረግኩት ግን ሽፍታ አወጣብኝና ተውኩት። ላብ ሲኖር ጠርዙ ይነሳል፣ 4 ነጥብ ያልኩት አንዱ በዚህ ነው። ኒኮቲኑ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ለጥፈህ ወዲያው ምንም ካልተሰማህ አይሰራም ብለህ አትላጠው። እኔ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የገባኝ፣ 9 ሰዓት ላይ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስለ ሲጋራ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሳላስብ ቆይቻለሁ፣ ቆጠርኩትና ደነገጥኩ።

ሁለት ነገር ግን እኛን በተለይ የሚመለከት አለ። አንደኛ፣ ፓቹን ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብ፣ ወረቀቱ ላይ ተራ ነገር መስሎ በትንሽ ፊደል ነው የተጻፈው። ኒኮቲን ጣት ላይ ይቀራል፣ ዓይን ሲነካ ያቃጥላል፣ እኛ ደግሞ ዓይናችንን ስንነካካ የምንውል ሰዎች ነን። አንድ ቀን ረስቼው የግራ ዓይኔን አሸሁና ማቃጠልና ማንባት ሲጀምር ልቤ ቀጥ አለ፣ መጣ ብዬ ወደ ኦክስጅኑ ሮጫለሁ። አልነበረም፣ ውሃ ስደፋበት ለቀቀኝ፣ ግን ያቺን ድንጋጤ ለማንም አልመኝም። ሁለተኛ፣ ኤምአርአይ፣ በማግኔት የሚሰራው የሰውነት ምስል ማንሻ። ክላስተር ያለበት ሰው ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ የአንጎል ኤምአርአይ ይታዘዝለታል፣ አንዳንድ ፓቾች ጀርባቸው ላይ ስስ ብረት አለ፣ ማሽኑ ውስጥ ግሎ ቆዳ ያቃጥላል። ከመግባታችሁ በፊት ላጡት፣ ለባለሙያውም ንገሩ። የተላጠውን ፓች ደግሞ ተጣባቂው ወደ ውስጥ እንዲሆን አጥፎ ልጅ የማይደርስበት ቦታ መጣል ነው፣ ከተጠቀማችሁበትም በኋላ ውስጡ ኒኮቲን ይቀራል።

የሌሊቱ ነገር ነው ብዙ ያስቸገረኝ። 24 ሰዓት የሚለጠፈውን ነው የገዛሁት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች ለጥፌው ተኛሁ። ህልም ብላችሁ ህልም፣ ቀለም ያለው፣ ድምፅ ያለው፣ እየነቃሁ ላብ በላብ ሆኜ እቀመጣለሁ። ለሌላ ሰው ይሄ ህልም ነው፣ ለኔ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በላብ መንቃት ማለት ሌላ ትርጉም አለው፣ መጣ መጣ እያልኩ ዓይኔን እያዳመጥኩ ስንት ጊዜ ነጋብኝ። ከዛ ፋርማሲስቷን መልሼ ጠየቅኳት፣ ህልሙ ካስቸገረ ከመተኛት በፊት መላጥ ይቻላል፣ ለ16 ሰዓት ብቻ የሚለጠፍ የተሰራም አለ አለችኝ። ማታ መላጥ ጀመርኩ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ልክ እንደ ሰው ተኛሁ። ዋጋው ግን ጠዋት ላይ ይከፈላል፣ ሰውነት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ኒኮቲን አድሯል፣ አዲሱ ፓች እስኪገባ ሰዓታት ይፈጃል፣ ሀራራው ዓይንህን ሳትገልጥ ቆሞ ይጠብቅሃል። ማስቲካው ዋጋውን ያገኘው እዚህ ጋር ነው።

ማስቲካ ሲባል እንደ ማስቲካ እንዳታኝኩት። የመጀመሪያውን ቀን እንደዛ አኝኬው ስቅታ ያዘኝ፣ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ማቅለሽለሽም ነበረው። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ቀስ ብለህ ታኝካለህ፣ እንደ በርበሬ ቆንጠጥ የሚያደርግ ስሜት ሲመጣ ታቆማለህ፣ በጉንጭህና በድድህ መሃል ታስቀምጠዋለህ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ሁለት ሦስቴ አኝከህ በሌላ በኩል ታስቀምጣለህ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ውስጥ ቆዳ ነው፣ ምራቁን ከዋጥከው ሆድህን ከማቃጠል ውጪ ብዙም አይረባህም። ቡና፣ ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጣት ማስቲካውን አፍህ ከማስገባትህ ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እና አፍ ውስጥ እያለ አይሆንም፣ አሲዱ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያደርጋል። በቀን ከ24 ፍሬ አይበልጥም ይላል ወረቀቱ፣ እኔ ከ9 አልፌ አላውቅም፣ ፓቹም ስላለ።

ነጥብ የቀነስኩበት መንጋጋ ነው። የክላስተር ህመም ወደ ላይኛው ጥርስና መንጋጋ ይወርዳል፣ ስንቱ ሰው ክላስተር መሆኑ ሳይታወቅ ጤነኛ ጥርሱን አስነቅሏል። የኔም የግራ መንጋጋ ሰሞኑ ካለፈ በኋላም እንደ ደከመ ነው የሚቆየው፣ በዛ በኩል ማኘክ ያስፈራኛል፣ ስለዚህ በቀኝ ብቻ ነው ሳኝክ የነበረው፣ በሦስተኛው ሳምንት የቀኙ መንጋጋዬም መታመም ጀመረ። በአፍ የሚሟሟ የኒኮቲን ከረሜላም አለ፣ ማኘክ የለበትም፣ መንጋጋው የሚያስቸግረው ሰው እሱን ቢያስብ ይሻለዋል፣ ባውቅ ኖሮ እኔም በሱ እጀምር ነበር። ሌላው ማሸጊያው ነው። ልጆች እንዳይከፍቱት ተብሎ ጀርባው ወረቀትና ፎይል ተደራርቦ ነው የታሸገው፣ ደግ ነው፣ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በጨለማ አይከፍተውም። እኔ ማታ ማታ ሁለት ፍሬ በመቀስ ጠርዙን ቆርጬ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ ነበር።

ሲጋራ ስታቆሙ ራስ ምታት ይመጣል፣ የሀራራው አንዱ ምልክት ነው፣ ፓቹም ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። "ራስ ምታት" የሚል ቃል ብቻ፣ አለቀ። ክላስተር ላለበት ሰው ይሄ ቃል ብቻውን ያስደነግጣል፣ እና ልዩነቱን ከኔ ስሙት። የሀራራው ራስ ምታት በሁለቱም በኩል ነው፣ ሻሽ አጥብቀው ያሰሩብህ ይመስላል፣ ጥዝጣዜ ነው፣ ጋደም ስትል ይሻልሃል፣ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ዓይንህ አያነባም፣ አፍንጫህ በአንድ በኩል አይዘጋም፣ ተነስ ተነስ አይልህም። የኔ ከሁለተኛው ቀን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነበረ፣ ከዛ ጠፋ። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሰዓቱን፣ የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ዓይኔ አንብቶ እንደሆነ እጽፍ ነበር፣ ይሄ ደብተር ከፍርሃት ብዙ አውጥቶኛል። በ10ሩ ሳምንት ክላስተሩ አንዴም አልተነሳብኝም፣ ግን ሰሞኔም ስላልነበረ ይሄን ለፓቹ ምስጋና አድርጌ አልቆጥረውም።

ስለ ቡና አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ለሁለት ሳምንት ፓቹን ያለ ጥፋቱ ስረግመው ነበር። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፣ ጭሱ ነው እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፣ ስለዚህ ፓች ለጥፈህም ቢሆን ሲጋራውን ስታቆም ያው የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። እኔ በቀን 4 ስኒዬን እንደጠጣሁ ነበርኩ፣ ልቤ ይመታል፣ እረበሻለሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ፓቹ በዛብኝ ብዬ ላወልቀው ነበር። ወደ 2 ስቀንስና ከሰዓት በኋላ ስተወው ተረጋጋሁ። ሲነሳብን ጠንካራ ቡና ወይ ኢነርጂ ድሪንክ የምንጠጣ አለን፣ እሱንም መጠኑን አስቡበት።

21ዱን 6 ሳምንት፣ 14ቱን 2 ሳምንት፣ 7ቱን 2 ሳምንት፣ በወረቀቱ መሰረት ነው የሄድኩት። ከ21 ወደ 14 ስወርድ ሦስት ቀን ተነጫነጭኩ፣ ከ14 ወደ 7 ምንም አልተሰማኝም። ብዙ የሚወራ የለውም።

ሰሞኑ የመጣው በ7ኛው ወር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት፣ ግራ ዓይን፣ ያው ብረት። አልቀነሰም አልበዛም፣ 6 ሳምንት ቆየ እንደ ድሮው። የመጀመሪያው ሌሊት አልቅሻለሁ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ውስጥ የሆነ ቦታ ያ "ብትተው ይተውህ ነበር" የሚለው ንግግር ተስፋ ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል። ግን ማስኩን ሳደርግ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ድሮ በር ላይ ቆማ ነበር የምታየኝ። ለቀቀኝ፣ ዝምታው መጣ፣ እና ያቺ ሲጋራ ልክ በሰዓቷ መጣች፣ 7 ወር ሙሉ ትዝ ሳትለኝ ኖራ ጣቶቼ ባዶ ሆነው ተሰሙኝ። ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ፣ ከመደርደሪያው ላይ የተረፈችኝን 2 ሚሊግራም ማስቲካ አውርጄ በቀኝ ጉንጬ አስቀመጥኩ፣ ሳላኝካት ብዙም። ቆንጠጥ አደረገችኝ። 15 ደቂቃ አካባቢ ክፍሉ ውስጥ ዞርኩ፣ ተመልሼ ተኛሁ። በማግስቱ ሐኪሜን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ሰሞኑ እስኪያልፍ ከህመም በኋላ አንድ አንድ ፍሬ ብትወስድ ወደ ሲጋራው ከመመለስ ይሻላል አለኝ። ህመሙ ተነስቶ እያለ ግን አትሞክሩት፣ መንጋጋ አይታዘዝም፣ ማስኩም አፍ ላይ ነው።

ለማን ይሆናል ለሚለው፣ ሰሞንና እረፍት እየተፈራረቀ ለሚመጣበት ሰው እረፍቱ ላይ ጀምሩ ነው የምለው። እረፍት የሌለው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚነሳበት ክሮኒክ የሚባለው ያለበት ሰው መቼ እንደሚጀምር ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ይሻላል፣ ለሱ የኔ ልምድ ብዙ አይሆነውም። የልብ ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩ። ሲጋራ ለማቆም የሚሰጥ ቫሬኒክሊን የሚባል ክኒንም አለ፣ በደንብ የሚሰራ ነው፣ ሐኪሜ እንደ ሁለተኛ አማራጭ አስቀምጦልኝ ነበር፣ አልደረስኩበትም።

ከ10 ሳምንቱ በኋላ 7 ሚሊግራሙ ፓች ሦስት ፍሬ ተርፎኛል፣ አላወጣሁትም። ማስቲካው ከባለፈው ሰሞን በኋላ 11 ፍሬ ቀርቷል፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ከብቤዋለሁ፣ የሚቀጥለው ሰሞን ከዛ በፊት ከመጣ በሱ፣ ከዘገየ አዲስ እገዛለሁ፣ ያኔ ግን የሚሟሟውን ከረሜላ ነው የምሞክረው፣ እንዴት እንደሆነም እጨምርበታለሁ።